በአርባህ ቀን ዘይት የጠጣው ድንጋይ

አባዬ፣

የምላጭ መሳያ ድንጋይህ ሐሙስ ጠዋት እኔ ቤት ገባ። መሃሉ ጎድጉዷል፣ አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል፣ ዘይት ጠጥቷል።

ከተለየኸን አምስተኛ ወራችን ነው። ሩዋንዳ መንገድ ዳር የነበረችው ፀጉር ቤትህ ፈርሳለች። ቦታዋ ተቆፍሮ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ስንት ፎቅ እንደሚወጣበት ጎረቤቶችህ እስካሁን አልተስማሙም። ልጅህ ሳምሶን ከዚያ ሳይርቅ አዲስ ሕንፃ ሥር ሱቅ ተከራይቷል፤ የፊታችን ቅዳሜ ይከፍታል። ዘንድሮ ገንዘብ ያገኙ ወጣቶች እንደ አያቶቻቸው በታጣፊ ምላጭ መላጨት አምሯቸዋል ይላል። ምላጮችህን አውጥቶ ሊስል ቢሞክር አልሳል አሉት። ድንጋዩን ያመጣልኝ ያኔ ነው።

ተቆጥቻለሁ፣ አባዬ።

በአርባህ ቀን ሥጋ የሚበልቱት ሰዎች ቢላቸው ዶለዶመና ሞረድ ፈለጉ። ሳምሶን ከመሳቢያህ ድንጋዩን አውጥቶ ሰጣቸው። እንዲያለሰልሰው ብሎ የወጥ ዘይት አፈሰሰበት። ሃምሳ ዓመት ከውሃ በቀር ምንም ያልነካው ድንጋይ ባንተው ተዝካር ዘይት ጠጣ። ከዚያም ግቢ ውስጥ ቀረ፤ የጎረቤት ቢላ ሁሉ ሲፋተግበት ከረመ። እኔ የዚያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ድንጋይህ መሆኑን ግን አላወቅሁም፤ ስለት በጉልበት ሲፋተግበት ካንተ እጅ ሰምቼ አላውቅማ።

ሳምሶንን እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ ብዬ ስጠይቀው ከልቡ ገረመው።

«ድንጋይ አይደል እንዴ፣ እህቴ? ድንጋይ ምን ይሆናል?»

ምን እንደሚሆን እኔና አንተ እናውቃለን። ፒያሳ የቀጠሩህ አርመናዊ ሽማግሌ ሲሰጡህ ሁለት ጣት ውፍረት ነበረው፤ ዛሬ አንድ ጣት አይሞላም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመስኮት መስታወት በርጩማ ላይ ታስተኛለህ፤ መስታወቱ ላይ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ታነጥፋለህ። የድንጋዩን ፊት በእርሳስ ማስመር የእኔ ድርሻ ነበር። አንተ ሳትጫነው ታሸዋለህ። መስመሮቹ ሁሉ እኩል ከጠፉ ተስተካክሏል፤ መሃል ላይ አንዲት እንኳ ከቀረች ገና ነው። ከዚያ ፊቱን በሌላ ትንሽ ድንጋይ እያሸህ ወተቱን ታወጣለህ፤ ግራጫውን ውሃ ወተት ነበር የምትለው። ምላጭ በዚያ ላይ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ቶሎ እንዲደርቅልህ ብዬ ፀሐይ ላይ ባሰጣው፣ ድንጋይ በፀሐይ ይሰነጠቃል ብለህ እስኪመሽ አላናገርከኝም።

ጋሽ ታደሰን ታስታውሳቸዋለህ። በምላጭ ይተላለፋል የተባለው ያ በሽታ ሰውን ሁሉ ባስፈራበት ዘመን ሌሎች ፀጉር ቤቶች ታጣፊ ምላጭ ሲጥሉ፣ አንተ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ምላጭ አምጥቶ አንተ ዘንድ እንዲያስቀምጥ አደረግህ። ምላጮቹ በተጠቀለሉባቸው ጨርቆች ላይ ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ጨርቅ የእሳቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳምሶን እጁን ሊያሟሽ ጠርቷቸው በገዛ ምላጫቸው አገጫቸውን ቆረጣቸው። ጥጥ እንደለጠፉ መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

«እኔ የሞተው አባትሽ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ለካ ምላጬም አብሮ ሞቷል።»

ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

ከሁሉ ይበልጥ የተቆጣሁት አንተን ነው። ታመህ ሳለ ድንጋዩ ለሳምሶን ይሁን አልክ። የወንድ ሥራ ነው አልክ። በእነዚያ እሑዶች ሁሉ ሳምሶን ኳስ ሜዳ እንደነበር ታውቃለህ፤ እርሳሱን ማን ይዞ አጠገብህ እንደተቀመጠም ታውቃለህ። ያኔውኑ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። የታመመ ሰው አይሟገቱትም ተብዬ አድጌ ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ደግሞ በራሴ ተናድጃለሁ።

ሦስት ቀን በሳሙና ውሃ እየዘፈዘፍኩ አጠብኩት። ጠብታ ውሃ ሳደርግበት ዳር ዳሩ ላይ ይሰርጋል፤ መሃሉ ላይ እንደ ዶቃ ይቆማል። ዘይቱ ገና አልወጣም። ከተሸረፈው ጠርዝም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወደ መሃል ሄዳለች። ሳምሶን፣ ለሚ ኩራ ሰፈር እብነ በረድ የሚቆርጥ ወዳጅ አለኝ፤ በማሽን ባምስት ደቂቃ ይልግልናል አለ። ማሽኑ የሚያውቀው የፎቅ ወለል ነው። ስንጥቋን ጨርሶ ሳይከፍታት አይመለስም። እሺ አላልኩትም።

ዛሬ እሑድ ነው። መስታወቱን በርጩማው ላይ አስተኝቻለሁ፤ መስመሮቹንም አስምሬያለሁ። ጉድጓዱ እስኪጠፋ በእጅ ከታሸ ምን ያህል እንደሚተርፍ አላውቅም። ሳልጫን አሸዋለሁ። ቢሰነጠቅም ቢተርፍም፣ እጅህ በምን ያህል ቀስታ ይሄድ እንደነበር አልረሳም፤ ይህን ያወረስከው ለእኔ ብቻ ነው።

ሳምሶን ዓርብ ጠዋት ሊወስደው ይመጣል። አስተካክዬ እሰጠው እንደሆነ፣ ወይስ ድንጋዩ የእኔ ነው እለው እንደሆነ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ልጅህ