ለሁሉም ጥያቄ «እሺ» ላሉት ሥራ አስኪያጃችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኛን አይጠይቁ፤ እኔ የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛ እንደምንም ቆሜ እሄዳለሁ፣ የራጅ ፎቶዎቻችን ግን አልጋ ይዘዋል። ስለዋሉልን ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎት ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ፎቶዎቹን የሚይዙት አራት ዲስኮች ቃሬዛ እንደተሸከሙ አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሦስቱ እንደምንም ያደርሳሉ፣ ሁለት ከወደቁ ግን በሽተኛው መሬት ነው። አንዱ ወድቆ ማሽኑ ሲጮህ፣ ስብሰባ ረበሸ ብለው የድምፅ ማውጫ ቀዳዳውን በጥጥና በፕላስተር ስላስደፈኑልን እናመሰግናለን። ሆስፒታል ነውና ጥጥ አላጣንም፤ ያጣነው መለወጫ ዲስክ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌላው ዲስክ መንገዳገድ ሲጀምር፣ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ግልባጭ እንውሰድ፣ ከዚያ ምንም ሳንነካ እንፈትሽ ብዬ ለምኜዎት ነበር። እንግዶች ይመጡብዎት ስለነበር ግልባጩን ዘለው ፍተሻውን በችኮላ ማስጀመርዎ አይፈረድብዎትም። ፍተሻው ስሕተት ባገኘ ቁጥር «ላስተካክል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በእሱ ቤት ማስተካከል ማለት አንዳንዴ ቆርጦ መጣል ነው። እርስዎ ግን «እሺ ይበልጣል ከሺህ፣ ለሁሉም እሺ በለው» አሉኝ፤ እጄ ቢዘገይብዎ ራስዎ ጎንበስ ብለው ቁልፉን ተጫኑት። እኛ በየስብሰባው ለእርስዎ የምንለውን እርስዎ ለማሽኑ አሉት። በመጨረሻም «ንጹሕ ነው» ማለቱን ለእንግዶቹ አብሥረዋል አሉ። እውነት ነው፤ የተዘረፈ ቤትም ለመጥረግ ይቀላል።

ሦስተኛውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። እኔን ያሳደገች ታላቅ እህት አለችኝ፤ ሳንባዋ ላይ አንድ ነገር ታየ። ሐኪሟ «የአምናውን ፎቶ አምጪ፤ ካላደገ ቀዶ ጥገና አያስፈልግሽም» አላት። የአምናው ፎቶዋ፣ ከእርስዎ «እሺ» በኋላ፣ ስምና ቀን ከጠፋባቸው ሳንባዎች ጋር በአንድ ቦታ ተከምሯል፤ ወይም ጨርሶ የለም። በየጠዋቱ ከክፍሌ በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጥና «አገኘኸኝ፣ ወንድምዬ?» ትለኛለች። እኔም የማላውቀውን ሰው ደረት አንድ በአንድ ስከፍት እውላለሁ። ደክሞኛል፣ ክቡርነትዎ።

የራስዎ ራጅ ከእኛ ዘንድ እንዳይቀመጥ አምላክን እየለመንሁ፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ፣ ፎቶው ካልተገኘ ከፍቶ ከማየት ሌላ መንገድ የለም ቢላት፣ እህቴም «እሺ» አለች። በማሽኑ ቀዳዳ ያስጠቀጠቁትን ጥጥ አውጥቼዋለሁ፤ ጩኸቱ ቢሮዎ ድረስ ከተሰማ ይታገሡን።