የማክሰኞው ክላክስ

ይበልጣል፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ክንድህን ውኃ አታስነካው። የብስክሌትህን የፊት ጎማ ይዤው ሄጃለሁ፤ ቸርኬው ስለተጣመመ ደምበጫ አስቃንቼ አመጣዋለሁ።

ማክሰኞ ከቡሬ ስትመለስ ቦይ ውስጥ የከተተህን ሹፌር፣ ቁስልህን እያጠብኩልህ አብሬህ ረገምኩት። «እጁን ይቁረጠው» ስትል «አሜን» አልኩ።

እኔ ነበርኩ።

ጭነት ይዣለሁ፣ ከፊት አውቶብስ እየመጣ ነው። ፍሬን ይዤ ከኋላህ መታገስ ነበረብኝ። ሰኞ ያስገጠምኩትን፣ አንተ ገና ያልሰማኸውን ክላክስ ለቀቅሁብህና ታክኬህ አለፍኩ። ስትወድቅ በስፖኪዮ አይቻለሁ። አንተ መሆንህን ያወቅሁት ቤት ገብተህ ስትነግረኝ ነው። ግን ማንም ቢሆን መቆም ነበረብኝ።

«ታርጋውን አላየሁም፣ ክላክሱን ግን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናዬን ማደያው ጋ እያቆምኩ በእግሬ የምገባው እንዳልኩህ ጭቃውን ፈርቼ አይደለም።

ቅዳሜ እመለሳለሁ። መኪናዬን በራችን ላይ አቁሜ አንድ ጊዜ ክላክስ አደርጋለሁ። ከሰማኸው በኋላ መክፈትም አለመክፈትም ያንተ ነው።

አንለይ