የዘይነባ ማሽላ ደረቅ ነበር

ለተከበሩ አቶ ዘውዱ አባተ
የወፍጮ ማኅበራችን የጥገና ኃላፊ
መርሳ

ጤናዎ እንደምን ነው? ቢሮዎ እንዳይሞቅዎ፣ ወንበርዎ እንዳይቆረቁርዎ፣ ሞተር ሳይክልዎም መንገድ ላይ ሳያስቸግርዎ በሰላም አውሎ እንዲያስገባዎ እመኛለሁ። እኔ ደብሪቱ ይመር እባላለሁ። ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት የማስፈጭ፣ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የሆነ፣ የእርስዎን ማስታወቂያዎች ለሴቶቹ ጮክ ብዬ የማነብ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ሰው ያሳጣሁት በአደባባይ ስለሆነ ይቅርታውንም በአደባባይ መጠየቅ ይገባኛል፤ ብቻዬን ከምቆም እርስዎም አብረውኝ ቢቆሙ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ ኅዳር ውስጥ ወፍጮው እየፈጨ ሳለ በድንገት ቀጥ ማለት ሲያበዛ ደወልንልዎ፤ «እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» ብለው አዘዙን፤ በሦስተኛው ቀን መጡ። ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ የቀዘቀዘው ሞተር እርስዎ ማብሪያውን ሲጫኑት ወዲያው ተነሣ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ አስፈጩበት፤ አልቆመም። እኛም አፋችንን ከፍተን እጅዎን አየን። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ሲሠራ አንድም ቀን ቆመው ሳያዩት በሽታውን ማወቅዎ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ሁለተኛ፦ ሻይዎን እየጠጡ የወፍጮ ሠራተኛውን ደብተር አገላበጡ። ሦስት ጊዜ ሲቆም ሦስቱንም ጊዜ ተራው የዘይነባ ነበር። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፤ የዙህር ሶላቷን ሰግዳ፣ ሰልፉ ሲቀል የምትመጣ ሴት ናት። ከስሟ አጠገብ ሰዓቱ ተጽፏል፤ ሦስቱም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ያየሁትን ሰዓት እርስዎ አለፉት፤ ስሙን ሲያነቡ ዓይንዎ ደክሞ መሆን አለበት። ከማለዳ ጀምሮ ሲፈጭ የዋለ ሞተር በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደሚግል ለመጠየቅም ጊዜ አላገኙም። በምትኩ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ጻፉልን፦ «ለማሽኑ በድንገት መቆም ምክንያት የሆነው ወይዘሮ ዘይነባ የሚያመጡት እርጥብ ማሽላ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ እህላቸው ሳይፈተሽ እንዳይፈጭላቸው።» አሳጥረው ስለጻፉት ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ እንደ እኔ ላለች ጀማሪ ለማንበብ አልከበደም።

ሦስተኛ፦ ይህኛው በእርስዎ ላይ የቀረበ አይደለም።

ማስታወቂያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሃያ የምንሆን ሴቶች ነበርን፤ ዘይነባም ከረጢቷ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ደስ ስለሚለኝ፣ ስሟ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ፍተሻውንም የጀመርኩት እኔ ነኝ። እጄን እስከ ክርኔ ከረጢቷ ውስጥ ከተትኩ። ማሽላው ደረቅ ነበር፤ በጣቶቼ መሃል እየተንሿሿ ፈሰሰ። አርባ ዓመት እህል የዳበሰ እጅ ደረቁን ከእርጥቡ መለየት አያቅተውም። ሴቶቹ «እንዴት ነው ደብሪቱ?» ሲሉኝ ግን ወረቀቱን አየሁ፣ ማኅተሙን አየሁና «እርጥበት አለው» አልኩ። ዘይነባ ከረጢቷን አሰረች፤ አህያዋ ላይ እንድንጭንላት ጠየቀች፤ ከመካከላችን አንዲትም አልተነሣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራና ድረስ ሄዳ ታስፈጫለች።

አራተኛ፦ ዘይነባ ከሄደች በኋላም ወፍጮው መቆሙን አልተወም። ታኅሣሥ ላይ በእኔ ጤፍ ላይ ቆመ። የእኔን ጤፍ ማንም አልዳበሰም፤ ሁሉም «መብራቱ ነው» አሉ። የውኃ ፓምፕ የሚጠግነው ናስር ለእናቱ ዱቄት ሊወስድ መጥቶ እዚያው ነበር። መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሣው፤ ከዚያ ከሞተሩ ኋላ የታሰረውን የከረጢት ሽፋን አይቶ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ ማሽን እኮ ምንም አልሆነም። ማራገቢያው እዚህ ነው፤ አየር የሚስብበትን አፍናችሁ ነው የምታሠሩት። ሲግልበት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ ሲበርድለት ይነሣል። ማነው ደግሞ እንዲህ አሳምሮ የሰፋው?» አለ። ከረጢቱን በቢላ ቀደደው። ወፍጮው እስከ ማምሻው ፈጨ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቆመም።

አሳምሬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጥቅምት ላይ «ሞተሩ ከአቧራ እንዲጠበቅ ሁልጊዜ ይሸፈን» የሚል መመሪያ ልከውልን ነበር። አነበብኩት፣ የማዳበሪያ ከረጢት ቆረጥኩ፣ እንዳይላቀቅ በድርብ ክር ሰፍቼ አለበስኩት። ሻይ በጠጡበት ቀን ከረጢቱን ዳበስ አድርገው «ጎበዝ፣ ማነው የሠራው?» ብለው ማመስገንዎን አልረሳሁም። ያን ምስጋና ሳልጠቀምበት በአክብሮት መልሼልዎታለሁ።

ከዚያ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሽላው ደረቅ መሆኑን እያወቅሁ መዋሸቴን ጭምር። አስገብታ ውኃ ሰጠችኝ። «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልሽ። ግን ደብሪቱ፣ ለሰዉ ማን ያነብለታል?» አለችኝ። በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ቆሜ ለሴቶቹ ተናገርኩ። ገነት የምትባለው «እስቲ ማኅተሙን አሳዪን» አለችና ሁሉም ሳቁ። አልተቀየምኳትም። ማኅተም የሌለው ነገር እንደማይታመን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የዘይነባ ልጅ ናጅዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትዳራለች። በእኛ ሰፈር የሠርግ እህል ጎረቤት ተሰብስቦ ይለቅማል፣ ያበጥራል፣ አብሮ ያስፈጫል፤ ማሽን ታበላሻለች የተባለች ሴት ግን እህሏን የሚነካላት አጥታለች። ከሠርጉ በፊት፣ በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ በዚያው ማኅተም፣ ስሟን ሳያስቀሩ፣ ማሽላዋ ደረቅ እንደነበረና ጥፋቱ የሽፋኑ እንደሆነ ይጻፉልን። ሽፋኑን ያዘዘውን ሰው ስም መጻፍ ከከበደዎ የእኔን ይጻፉት። «ደብሪቱ ዋሸች» ቢሉም እውነት ስለሆነ አልቀየምም።

ከማኅበሩ አባላት ሁሉ ይበልጥ ትእዛዝዎን አክብራ የፈጸመች፣ ስለፈጸመችውም አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ለረጅም ዕድሜዎና ጥላ ላለው ቢሮዎ ዘወትር የምትጸልይ፣

ደብሪቱ ይመር
ሀብሩ፣ ጥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ሰልፍ አጠባበቅ የጻፉት አዲስ ማስታወቂያ ዛሬ ጠዋት ደርሶኛል። ጥጉ ላይ በእጅዎ «እንደተለመደው ወይዘሮ ደብሪቱ ያንብቡልን» ብለው ስለጨመሩልኝ አክብሮት አመሰግናለሁ፤ ማኅተሙም በጣም ጎልቶ ወጥቷል። ይህንንም፣ ስለ ማሽላዋ የሚጽፉትንም ራስዎ መጥተው ዘይነባ ባለችበት ያንብቡት። እኔ ከእንግዲህ የእርስዎን ወረቀት በሰው ፊት ቆሜ አላነብም።