ለዝናሽ የሰጠሁት ተክል

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ከሥራ መልስ።

አሸዋውን ለአራተኛ ጊዜ አጠብኩት። አሁንም ይደፈርሳል። ዛሬ የውሃ ፈረቃችን ነው። በርሜሎቹ ሞልተዋል፤ አንዱን ለብቻ ለይቻለሁ። ባሌ ሀብታሙ የልብስ ማጠቢያ ይጎድላል ብሎ አጉረመረመ። ይጉደል። ሸሚዙን ሁለት ቀን ይልበስ።

አኳሪየሙን፣ የዓሣ መስታወቱን፣ ያመጣው ራሱ ነው። መ/ቤታቸው ሲታደስ ሊጣል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሳሎን ጥግ ቆሞ የጋዜጣና የካልሲ ማስቀመጫ ሆነ። አሁን ግን ሥራ አገኘሁለት።

ማክሰኞ የገብርኤል ማኅበራችን ወ/ሮ አስቴር ቤት ነበር። ወ/ሮ አስቴር በረንዳዋ ላይ ያሉትን አበቦች ስታሳየን አንዱን ቆርጣ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። የባሌ ታላቅ እህት ዝናሽ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ተይ አታባክኚው፣ እሷ እጅ የገባ ነገር አይበረክትም አለች። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ዝም። ለምን ዝም እንዳሉ አውቃለሁ። በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። እዚያ የነበረችው ሴት ሁሉ መጥታ ጠይቃኛለች። ዝናሽም አጥሚት ይዛ መጥታለች።

ቆሽቴ አረረ። ደግሞ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ፊት ለፊት እትዬ ዝናሽ እላታለሁ፤ አንቱ እላታለሁ። አንተ ላይ ግን፣ ደብተሬ፣ ዝናሽ ናት። እዚህ አክብሮት የለም።

ኅዳር 19 ተራው የእኔ ነው፤ ማኅበሩ እዚህ ላፍቶ፣ እኔ ቤት ይሰበሰባል። ያን ቀን ይህ መስታወት ሕያው ቅጠል ይሞላበታል። ዝናሽን ፊት ለፊቱ አስቀምጣታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ዓሣና ተክል የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። አቶ ግርማ ይባላል። ጡረታ ወጥቷል፤ ሱቁ ጠባብ ናት፤ እርጥብ አፈር ትሸታለች። ገና ስገባ ቀዩን ጠቆምኩት። እንደ ደም የቀላ፣ ከሩቅ የሚታይ። ዝናሽን ያሳውራታል ብዬ።

አልሸጥልህም አለኝ እንጂ! እኔ ሴት ነኝ፤ ግን ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ ነው የሚያወራው። ቀና ሲል ይቅርታ ጠየቀ። ቀዩ ኃይለኛ መብራት ይፈልጋል፣ ልዩ ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ ለጀማሪ አይሆንም። አጠገቡ ያለውን ባለ ነጭ መስመር ጠየቅኩት። እሱ ጭራሽ የመሬት ተክል ነው አለ፤ አንዳንዱ ነጋዴ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይሸጠዋል፣ በወሩ ይበሰብሳል። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር። ምን ዓይነት መብራት አለሽ? መስኮቱ በየት በኩል ነው? ውሃው ቧንቧ ነው በርሜል? ስንት ሰዓት ቤት ትውያለሽ? ሐኪም እንኳን እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሦስት ነገር ይዤ ወጣሁ። አንዱ አኑቢያስ፣ ወፍራም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያለው። ሁለተኛው ጃቫ ፈርን የሚሉት፣ ቅጠሉ ቀጠን ያለ። ሦስተኛው ረጅም ሣር የሚመስል። ሦስቱም ብዙ ብርሃን አይፈልጉም፣ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ቢረሷቸውም አይቀየሙም። የቧንቧውን ውሃ አንድ ሙሉ ቀን አሳድሪው አለ። ስለ አተካከልም ብዙ አወራ። ግማሹን አልሰማሁትም፤ ሐሳቤ ኅዳር 19 ላይ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ሸተተ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት እንደ ከረመ የጎመን ውሃ ሸተተኝ። የአኑቢያሱ ቅጠል ለብቻው ተላቆ ይንሳፈፋል። ረጅሙ ሣር ደግሞ ቀልጧል፤ ስነካው ጣቴ ላይ ይቀራል።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዝናሽ እውነቷን ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን ለማንም አልናገርም፣ ለአንተ ብቻ።

ሀብታሙ መጥቶ አየኝ። ተክል ነው፣ ሌላ ይገዛል አለ። የእህቴን አፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ክፋት የላትም፣ እርሺው አለ። እሱ መርሳት ይችላል። እሱ አይደለም የተሳቀበት።

በምሳ ሰዓት የበሰበሰውን በፌስታል ይዤ አቶ ግርማ ዘንድ ሄድኩ። አልተቆጣም። ግንዱን ቀበርሽው፣ አይደል? አለ። እውነቱን ነው። አኑቢያስ እንደ ዝንጅብል የተጋደመ ወፍራም ግንድ አለው፤ ሥሩ ከዚያ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ከዚያ ይወጣል። እኔ አበባ እንደምተክለው አሸዋ ውስጥ እስከ አንገቱ ቀብሬ ዙሪያውን ጠቅጥቄዋለሁ። ግንዱ ከታፈነ ይበሰብሳል አለ። የለሰለሰውን በምላጭ ቆረጠ፣ ጤነኛውን ለሁለት ከፈለ፣ በጥጥ ክር ሁለት ድንጋይ ላይ አሰረልኝ። የቀለጠውን ሣር እንዳትነቅይው አለ። ከውሃ ውጭ ያደገ ነው፤ አሮጌው ቅጠል ይሞታል፣ ሥሩ ግን አልሞተም።

ይህን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ከቤ/ክ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ መስታወቱ ጋ ሄድኩ። ከሣሩ መሃል አዲስ ቅጠል ወጥቷል፤ ስስ፣ ውሃው ወዲያ ወዲህ የሚያደርገው። አኑቢያሱም አንድ ይዟል፣ ገና እንደተጠቀለለ ነው።

እሰይ። ሀብታሙን ጠርቼ አሳየሁት። ጥሩ ነው ብሎ ወደ ኳሱ ተመለሰ። እኔ ግን ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየሁት። አራት ቀን ቀረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ሁሉንም ልንገርህ።

ትናንት ከሥራ መልስ መጡ። አሥራ አንድ ሰው። ጸሎቱ ደረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ሽሮውና ምስሩ ተበላ። ዝናሽን ያሰብኩበት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ቆይታ ቆይታ፣ ፕላስቲኩ ያምራል፣ ከየት ገዛሽው? አለች።

ፕላስቲክ!

እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ከተትኩ። አንዱን ድንጋይ ከነተክሉ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ቀሚሷ ረጠበ። ነጩን ሥር አየችው፣ አዲሱን ቅጠል ዳሰሰችው። ወ/ሮ አስቴር፣ በስመ አብ፣ ሕይወት አለው አለች። ሁሉም ተነስተው ከበቡት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ዝናሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔም ትንሽ ስጪኝ አለች። ምን ነክቷት እንደጠየቀች አልገባኝም። ወዲያው ግን አንድ ነገር መጣልኝ። የሚቀጥለው ማኅበር ታኅሣሥ 19 ነው፤ ዓመታዊው ገብርኤል፣ ተራው የእሷ።

ድንጋዩን ማድቤት ወሰድኩት። ክሩን በጠስኩት። ተክሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አመጣሁላትና፣ ሁሉም እየሰማ፣ ይኸው እትዬ ዝናሽ፣ ለገብርኤል ደግሞ እርስዎ ቤት እናየዋለን አልኳት። እንዴት ነው የሚተከለው? አለች። ድንጋዩ ለጊዜው ነበር፣ አሁን አሸዋ ይፈልጋል፣ ግንዱን እስከ አንገቱ ቅብር አድርገው ዙሪያውን ጠቅጥቅ ያድርጉት አልኩ። ድምፄ እንደ ማር ነበር።

ይበስብስባት። የእሷ እጅ የገባውም አይበረክትም፤ በማኅበሩ ፊት ይታይ። ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

መ/ቤት ሳለሁ ዝናሽ ደወለችልኝ። ቅጠሉ እስካሁን ያበራል አለች። በደንብ ቀበሩት? አልኳት። እንዳልሽኝ፣ እስከ አንገቱ አለች። ጎበዝ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። አለቃዬ ምን ተገኘ አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8። ከሐና ማርያም፣ ከዝናሽ ቤት መልስ።

እጄ ይለበልበኛል። በርበሬ ስንቀነጥስ ውለን ነው፤ ለዝናሽ ድግስ። ቀርቼ ቢሆን ሰው ይታዘበኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ተክሉን ለማየት ነው የሄድኩት።

ከሳሎኑ የገብርኤል ሥዕል ሥር አስቀምጣዋለች። ትልቅ የማር ብርጭቆ፣ ከሥሩ አሸዋ፣ ተክሉ እስከ አንገቱ ተቀብሯል። ሁለት ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ደስ አለኝ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

ዝናሽ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ከአማቴ ከእማማ ይርገዱ ጋር ብቻችንን ቀረን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሮና አፋቸው ግን ደህና ነው። ውሃው ጠበል ነው አሉኝ። ዝናሽ በየሳምንቱ ብሥራተ ገብርኤል ድረስ ሄዳ በጀሪካን ታመጣለታለች። ለቅጠል ጠበል? ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ያን ቀን አስቴር ቤት ከተናገረችሽ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች አሉ። አፏ አይመለስላትም፣ ይቅርታ ማለት አታውቅም። አንቺ ተክሉን ስትሰጫት ለገብርኤል ተሳለች። ይህ ካንቺ እጅ የመጣ ነገር እስከ ክብረ በዓሉ ከለመለመ፣ አንቺም ልጅ ትታቀፊያለሽ ብላ። ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችውን ጥላ ከወዲሁ ገዝታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ልጁ የተወለደ ዕለት ልታስገባው።

በርበሬው ዓይኔ ገባ አልኩ።

ማን ተሳይ አላት? በእኔ ማኅፀን ላይ ማን ፈቀደላት? በሰው ፊት ሰደበችኝ፣ በድብቅ ትሳልልኛለች። እንዲህ ያለ ካሳ አለ? ሳልጠየቅ፣ ሳይነገረኝ፣ የእኔን ልጅ ከአንድ ቅጠል ጋር አሰረችው። ያውም እኔ እንዲበሰብስ ካደረግኩት ቅጠል ጋር።

እማማ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጣቴን ብርጭቆው ውስጥ ከትቼ ግንዱን ዳሰስኩት። ከኋላ በኩል ለስልሷል። ከፊት ገና ጠንካራ ነው። አሸዋውን መልሼ ወጣሁ። በሚኒባሱ ሙሉ መንገድ ጣቴን አሸተትኩት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9። ጠዋት 1 ሰዓት።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። አሥር ቀን ነው የቀረው። ይበሰብሳል፣ ማኅበሩ ያየዋል፣ እሷም ስለቴ አልሠመረም ብላ ዕድሌ ላይ ታለቅሳለች። እኔ ጋ ያለው ለምልሞ፣ እሷ ጋ ያለው ሞቶ። የፈለግኩት ይህ አልነበረም?

ሀብታሙ ሻይ እየጠጣ ለምን ዝም አልሽ አለኝ። ምላጭህን ስጠኝ አልኩት።

ይቅር አላልኳትም። ይህን ጻፍልኝ። ስለት ስድብን አያጥብም። ታኅሣሥ 19 ጽዋው ከመዞሩ በፊት፣ አስቴር ቤት ያለችውን ቃል በዚያው ሁሉ ሰው ፊት ታነሳዋለች። ካላነሳችው ልክ ልኳን እነግራታለሁ፣ ያውም አንቺ ብዬ።

ከዚያ በፊት ግን እኔ እነግራታለሁ። ዋሽቼዎታለሁ፣ ቅበሩት ያልኩት እንዲሞት ነው እላታለሁ። ትጩህ። ትስደበኝ።

መ/ቤት አስፈቅጃለሁ። ምላጭ፣ የጥጥ ክር፣ ከገንዳዬ ያወጣሁት ድንጋይ፣ ሁሉም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው የነበረው ጥላውን አይደለም፣ ልጁንም አይደለም። ያ ተክል ከሞተ የገደልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዝናሽ ያለችው እውነት ይሆናል፤ ራሴ አረጋግጬላት። ይህንን ደግሞ አልሰጣትም። ስለዚህ አሁኑኑ ሐና ማርያም እሄዳለሁ።