ስለ ሮሃ መንበርከክ

ለምወድዎ እናቴ፣ ለወይዘሮ ጸሐይነሽ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የደም ግፊት መድኃኒትዎ እንዳይቋረጥ እህቴን ነጻነትን አደራ ብያት ነበር፤ ትከታተልልዎታለች? እኛ እዚህ ካምፓላ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ቤርሳቤህ ቡኮቶ የከፈተችውን ፀጉር ቤት ሰው ለምዶታል። እኔም ናሙዎንጎ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሥራዬን ይዣለሁ።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ልጄ ሮሃ አከራያችንን ሚስተር ሙሶኬን ተንበርክካ ሰላም ስትል አይተው ስልኩን ዘጉብኝ። «ከእግዚአብሔር ሌላ ለሰው የሚንበረከክ ልጅ አልወለድንም» ማለትዎን ነጻነት ነገረችኝ። ነጋዴዋ ረምዚያ በወሩ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ሮሃን ይዛልዎ እንድትመጣ፣ እርስዎ ዘንድ እንድታድግ መፈለግዎንም ሰማሁ። ቁርጡን የምጽፍልዎ ለዚህ ነው።

እማዬ፣ መጀመሪያ ያየሁ ቀን እኔም ተናድጄ ነበር። ባጋንዳ በሚባሉት የዚህ አገር ሰዎች ዘንድ ሴት ልጅ ታላቋን ሰላም ስትል ትንበረከካለች፤ ሮሃ ከጎረቤት ልጆች ነው የለመደችው። ሽማግሌው ሚስተር ሙሶኬ ፊት ክንዷን ይዤ ብድግ አደረግኋት። እሳቸው አልተቀየሙኝም። ሐኪም የሆነችው ልጃቸው ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ሰላም እንደምትላቸው፣ ከዚያ ተነሥታ መድኃኒትዎን ለምን አልወሰዱም ብላ እንደምትቆጣቸው አጫወቱኝ።

ምሳ እንዲበሉ አስገባናቸው። ሮሃ ማስታጠቢያውን ይዛ ዞረች። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድሟ አማን ተደላድሎ እንደተቀመጠ እጁን ዘረጋላት። ሽማግሌው «ልጁን እግሩን አሞታል እንዴ?» አሉኝ። ደህና ነው ስላቸው «ታዲያ የእናንተዋ ቆማ ነዋ የምትንበረከከው!» ብለው ሳቁ። ቤርሳቤህም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ነጻነት ትዝ አለችኝ። ከእኔ የተሻለች ተማሪ እንደነበረች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ሳጠና እሷ የእኔን ልብስ ታጥብ ነበር። አሥረኛ ክፍል ፈተና ስትወድቅ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ እርስዎም ያደጉት እንደዚያው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ የቤቱን ሥራ በተራ ይሠራሉ። አማን «የሴት ሥራ ነው፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ። ከማን እንደሰማው ሳስበው ከእኔው ነው። ስለዚህ ሳህኑን አብሬው አጠብኩ። አሁን እህቱ በተራዋ ሳህኑ ላይ ሳሙና ትተዋለች እያለ ይከሳታል።

ስለ መንበርከኩ ራሷን ሮሃን ጠየቅኋት። «ለሽማግሌ እንበረከካለሁ፤ ደስ ይላቸዋል። ለአማን ግን ውሃ አላመጣም» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስታድግ ሐሳቧን ብትለውጥም መብቷ ነው።

እማዬ፣ ሮሃ ከረምዚያ ጋር አትመጣም። ለገና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለቱንም ይዣቸው እመጣለሁ። ያን ጊዜ እርስዎ ቤት እንግዳውን ሁሉ የሚያስታጥበው አማን ነው። ሊስቅበት የሚፈልግ ካለ ከአሁኑ ይንገሩልኝ፤ አባቱ ፎጣ ይዞ ከኋላው ይከተላል።

ነጻነትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ የጀመረችውን የማታ ትምህርት እንዳትተወው ብሏል ይበሏት። ባሏ ሀብተሚካኤል ወገቡ ተሻለው ወይ? ትንሹን ቃለጽድቅን አጎትህ ናፍቆሃል ይበሉልኝ። ቤርሳቤህና ልጆቹ እጅ ይነሳሉ።

ልጅዎ ዘገዬ
ካምፓላ፣ ቡኮቶ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.