ሆሴዕን በትልቁ ለማየት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ገበያ ደህና ነበር። ሁለት የሶፋ ዳንቴል ሸጥኩ። አንዷ ገዢ ከፎንቆ ድረስ ነው የመጣችው፣ "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ባሌ አበራ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት እንደመጣ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ሆሴዕን እናግኘው ብሎ። ልጄ ገና ከደቡብ አፍሪካ "እማ፣ ከሳሽ እንዴ?" ከማለቱ... ድርግም። መብራት አለ። አምፖሉ በርቷል። ኮምፒውተሩ ብቻ ጠፋ።

አበራ ሳጥኑን በጥፊ አለው። ይኼ ነገሩ ያስጠላኛል። ባሌ ሁሉን ነገር የሚጠግነው በጥፊ ነው፤ ሬዲዮውንም፣ ቧንቧውንም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ጵርስቅላን ለሆሴዕ እንዲጠይቁልን የላክናቸው ሽማግሌዎች ከአዲሎ ተመለሱ። የጵርስቅላ አባት አቶ ተረፈ እንቢም እሺም አላሉም። ያሉት እንዲህ ነው አሉ፦ "የወንድሜን ልጅ ጆበርግ ላለ ሰው በፎቶ ዳርናት። እዛ ስትደርስ ሚስትም ልጆችም ነበሩት። እኔ ልጁን በትልቁ ልየው። መዳፍ በምታክል ስልክ ሰው አይመረመርም። ፊቱን ያሳየኝ፣ የሚኖርበትን ቤት ያሳየኝ፣ ከዚያ እመልሳለሁ።"

ቅዳሜ የካቲት 21 ራሳቸው እዚህ ሆሳዕና ይመጣሉ፣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር።

እውነታቸውን ነው። እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ እንደዚያው ነበር የምለው። ደግሞ የእኔ ልጅ ምን የሚደብቀው አለ? ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቷል፣ ሶፋ አለው። ጵርስቅላን ገና ከመሄዱ በፊት ጀምሮ ነው የሚወዳት። ስድስት ዓመት ጠብቃዋለች።

የሚያሰጋኝ ይህ ቆርቆሮ ነው። ዛሬ ሦስቴ ጠፋ። ኢንተርኔት ቤት እንሂድ እንዳንል ሽማግሌ በርጩማ ላይ ከጎረምሳ ጋር ተጋፍቶ አይቀመጥም። ላፕቶፕ እንዋስ... ከማን?

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ጥገና ቤት ወሰድነው። ልጁ ማስቲካውን እያኘከ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን፣ "ፎርማት ይፈልጋል" አለ። ገና ሳይከፍተው። ለሁሉ በሽታ አንድ መርፌ። ብቻ ፎርማት አደረገው፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፊታችን ሠራ፣ ዘፈን ሁሉ ከፈተበት።

ባጃጅ ላይ እንደ በሽተኛ ታቅፌ አመጣሁት። ቦታው አስቀመጥኩት፣ ያንን ጽጌረዳ ያለበትን ነጭ ዳንቴሌን እስከ ታች አለበስኩት፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባውን አደረግኩበት። አማረ።

እራት ሳይቀርብ ጠፋ።

ጥገና ቤት ይሠራል፣ እኔ ቤት ሲገባ ይሞታል። አንገሸገሸኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ከአምልኮ በኋላ የአበራ እህት ጣቢታ መጣች። ነገርኳት። "ቤትሽ ነው የጠላው" አለች፣ እንደዚያ እያለች እንኳ ዳቦዬን ታነሳለች። ከዚያ እጇን ሳጥኑ ላይ ጭና ጸለየች። "ተነሥ!" አለችው። አበራ ቁልፉን ተጫነ፣ ተነሣ። ሃሌሉያ አልን።

ጫማዋን ሳታጠልቅ ጠፋ።

"ራሄል፣ እምነትሽ ነው የጎደለው።"

"ያንቺ እጅ ካረፈበት በኋላ ነው የጠፋው፣ ጣቢታዬ።"

አበራ ጓዳ ገብቶ ሳቀ። ሰማሁት። ጣቢታም ሰማችው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ለመጻፍም ይቀፈኛል።

አቧራ ላራግፍ ዳንቴሉን ከኋላ በኩል ገለጥ አደረግኩ። በረሮ። አንድ ሁለት አይደለም... እንደ ተደፋ ጤፍ ፈሰሰ። ትልልቁ፣ ትንንሹ፣ እንቁላል ያዘለው። አንዱ በክንዴ ላይ ወጣ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው። እንግዳ የማስቀምጥበት ሳሎን፣ በየቀኑ የምወለውለው፣ ሥሩ ይህ ነበር? ኮጮ ቀርቦልኝ መብላት አቃተኝ።

አበራ፦ "ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳሉ እኮ።"

"እንግዲያ አሳድጋቸው" አልኩት።

ዳንቴሉን በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ዳንቴሉ ግቢ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ኮምፒውተሩ ከምሳ ጀምሮ እስኪመሽ ሠራ። ልጄን እስኪበቃኝ አየሁት። ለካ በረሮዎቹ ነበሩ የሚያጠፉት። ጣቢታ ደውላ "ጸሎቱ ዘግይቶ ነው የሠራው" አለች። እሺ አልኩ፣ ምን አገባኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ዳንቴሉን እንደ ሁልጊዜው ስኳር ውሃ አስነክቼ፣ ቀጥ እንዲል ተኩሼ መልሼ አለበስኩት። ለአቶ ተረፈ ብዬ ከሥሩ ሁለተኛም ጨመርኩ። እንደ ሙሽራ ሆነ።

አበራ ከፈተው። ትንሽ ቆየና ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ እንቢ። መጫን ነው፣ መጫን ነው፣ ድምፅ የለም፣ መብራት የለም።

ላነሣው እጄን ጫንኩበት። ዳንቴሉ ላይ፣ በሁለቱ ድርብ ላይ። ልክ እንደ ካውያ አቃጠለኝ።

እጄን አላነሣሁም። ጥገና ቤት ሲሠራ ምን ለብሶ ነበር? ምንም። ረቡዕስ? ምንም። እሑድ ጣቢታ ስትጸልይበትስ... ለብሶ ነበር።

ለአበራ አልነገርኩትም። ዛሬ አልችልም።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ሚክያስ የሚባል ሌላ ጠጋኝ ቤት ድረስ መጣ። ጎኑን ፈታው። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ አቧራና ክር ተጠምጥሞባት ቆማለች። ነጭ ክር። የማን ክር እንደሆነ አልጠፋኝም። መሃሏ ላይ የሞተ በረሮ።

"እትዬ ራሄል፣ ይኼ ዕቃ በጎኑና በኋላው ነው የሚተነፍሰው። ብርድ ልብስ አልብሳችሁታል።"

"ብርድ ልብስ አይደለም፣ ዳንቴል ነው።"

"ለእሱ ያው ነው። ስኳር ደግሞ ለምን ቀባችሁት? በረሮ በካርድ ነው የጠራችሁት።"

አበራ አየኝ። ሊወቅሰኝ አልደፈረም። ከወቀሰኝ ጥፊውን አነሳበታለሁ።

ማራገቢያዋን ቀየረ፣ ተነሣ። ግን ብዙ ስለተቃጠለ አያስተማምንም አለ። "እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጎኑን ክፍት ተዉት። ምንም እንዳታለብሱት።"

ክፍት? በሽማግሌ ፊት? ውስጡን አይቼዋለሁ እኮ፣ እንደ ታረደ በግ አንጀት ሽቦው ተዘርግፎ። ቀፈፈኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ሆሴዕ በስልክ ደወለ፣ ለእኔ ብቻ።

"እማ... ቤቱን ማሳየት ግድ ነው?"

"ምነው?"

በመጨረሻ አወጣው። ቤት የለውም። የሚሠራበት ሱቅ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ፣ ካርቶን ላይ ፍራሽ አንጥፎ። ሌባ ስለሚፈራ ከውስጥ ይቆልፋል።

"ሶፋውስ?"

"የጓደኛዬ ነው። ለቅዳሜ ሳሎኑን ያውሰኛል። ማን ያውቃል እማ?"

ስድስት ዓመት ሙሉ "ሶፋው ላይ ሆኜ ነው የማወራሽ" ሲለኝ... ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በራሴ፣ አላውቅም። ለሰው ሁሉ ባለ ሶፋ ልጅ አለኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

ተዋስ ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊት ለፊቴ ያ ዳንቴል ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ነጭ፣ ንጹሕ። ያ ፈሳሽ በረሮ ታየኝ።

"የራስህን አሳይ" አልኩት።

"እንቢ ካሉስ?"

"እንቢ ይበሉ" አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

መጡ። አቶ ተረፈ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ጣቢታ ጎኑ ተከፍቶ የተቀመጠውን ሳጥን አይታ "ራቁቱን?" ብላ ነጠላዋን ልትጥልበት ስትል እጇን ያዝኳት። "ጣቢታ። ተይው።"

አበራ ከፈተው። ሆሴዕ መጣ፣ ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። ተላጭቷል። አቶ ተረፈ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አዩት፣ ቆይተው አዩት። ከዚያ "ቤትህን አሳየኝ" አሉ።

ካሜራውን አዞረ። ፍርግርጉ። የዱቄት ከረጢት። ካርቶን። ፍራሹ፣ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ። አንዲት ምድጃ።

የማራገቢያዋ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። አበራ አንገቱን ደፋ። ለእሱም ዛሬ ነው የታየው፤ አስቀድሜ አልነገርኩትም።

"ሶፋ አለው ብለውኝ ነበር" አሉ አቶ ተረፈ።

"የለኝም አባባ። ዋሽቼ ነበር። እናቴን ሳይቀር።"

አቶ ተረፈ ወደ እኛ ዞሩ። ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ አረፈ፣ ሽቦው ላይ። "ይህስ ምን ሆኖ ነው የተከፈተው?"

እኔ ነኝ የመለስኩት። "ሸፍኜው ነበር። ሲሸፈን ይጠፋል።"

መነጽራቸውን ጠረጉ።

"የወንድሜን ልጅ የወሰዳት ሰውዬ ፎቶው ላይ ሦስት ክፍል ቤት ነበረው፣ መጋረጃው ሳይቀር" አሉ። ወደ ሆሴዕ ዞሩ። "አንተ ልጅ። ልጄን ፍርግርግ ውስጥ አላስገባም። ቤት ስትይዝ እንደዚሁ አዙረህ ታሳየኛለህ። ቃልህን ግን ዛሬ ተቀብያለሁ፤ ልጄ ትጠብቅሃለች።"

ጣቢታ እልል አለች። ኮምፒውተሩ እስከ መጨረሻው አልጠፋም። አበራ ማታ "ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?" አለኝ። "በጥፊ እንዳትጠግነው ብዬ ነው" አልኩት። ቀስ ብሎ ሳቀ።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

የፎንቆዋ ገዢ ተመልሳ መጣች። ልጇ ኮምፒውተር ገዝቷል፣ ጽጌረዳ ያለበት ዳንቴል ትፈልጋለች። "ለሶፋ ከሆነ እሠራልሻለሁ፣ ለእሱ አልሠራም" አልኳት። ገበያ የጠገበች ሴት ሳልመስላት አልቀረሁም።

ሳጥኑ ሳሎን ላይ እንደተከፈተ ነው። አሁንም ይቀፈኛል፣ መቼም ሆድ ዕቃ ነው። ትናንት አንድ በረሮ ጫፉ ላይ ወጣ፤ ግን ታየኝ፣ በነጠላ ጫማ አገኘሁት።

ሆሴዕ ደወለ። ከጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ አለ።

"ካሜራውን አዙረው" አልኩት።

አዞረው።