በመጨረሻው ገጽ ያሉት ስሞች

ይድረስ ለእህቴ ለየኔነሽ። የካርቱም ፀሐይ እየጠበሰኝም ቢሆን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው! ከማታ ትምህርት ከወጣሁ ወር አልሞላኝም፤ ግን በዴም ሰፈር ከኔ የበለጠ የተማረ የሪክሻ፣ እናንተ ባጃጅ የምትሉት፣ ሹፌር ካለ ይምጣ። የላክሽልኝን፣ ስለ ሰርግ ዘፈን የሠራሽውን የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለቴ ጨረስኩት። የነገረሽን ሰው ሁሉ ከነስሙ ከነቀኑ መጥቀስሽን ወደድኩት። እዚህም ሰው እንዲህ ቢያወራ ግማሹ ጠብ በቀረ ነበር። አሁን ተሳፋሪ ሐሜት ሲጀምር «ያላ፣ በል ምንጭ ጥቀስ!» እላለሁ።

መጨረሻው ገጽ ላይ «ወይዘሮ አንጓች፣ 64 ዓመት» የሚለውን ሳይ ኮራሁ፤ የእማዬን ስም ተጽፎ ሳነበው የመጀመሪያዬ ነው። ሌሎቹን ሽማግሌዎች ጥር ላይም ሰኔ ላይም ጠይቀሻቸዋል፤ እሷን ግን ጥር ላይ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ደግሞ ሁልጊዜ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ትሉኛላችሁ። ቄሱ እንኳ ቤቱ ይገባል እኮ!

አደራሽን፣ ይህን አንብቢላትና የምትመልሰውን ቃል በቃል ጻፊልኝ፤ የተናገረችበትንም ቀን ጨምሪ።

ቤተ ዘመዱን ሁሉ በየስሙ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ዘማርያም
ካርቱም፣ ነሐሴ 2008 ዓ.ም.